የኤፒ ውጤት የሚጠቅመው የት ላይ ነው?

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየሜይ ወር የሚሰጠው የኤፒ ፈተና በማያስፈራበት ቦታ የሚፈራ፣ በሚጠቅምበት ቦታ ደግሞ የሚናቅ ፈተና ነው። ስለ አሠራሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያካሂደዋል፤ ተማሪው የኮሌጅ መግቢያ ዓመት ትምህርት እዚያው ክፍሉ ውስጥ ተምሮ ይፈተናል፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል፣ 3 ያገኘም ብቁ ይባላል። ወላጆች አጥብቀው የሚጠይቁት ግን ይህ ቁጥር ልጃቸውን ኮሌጅ ያስገባው እንደሆነ ነው። በማስገባት ረገድ ድርሻው ትንሽ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የሚጀምረው ልጁ ከገባ በኋላ ነው።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ የጊዜ ሰሌዳው ነው፤ የሚገርመውም ይህን ሰሌዳ ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ማነሱ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቀድሞ ካመለከተ ማመልከቻውን የሚልከው በኖቬምበር መጀመሪያ ነው፤ በመደበኛው ጊዜ ካመለከተ ደግሞ በጃንዋሪ መጀመሪያ ገደማ። መልሱ እስከ ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መግቢያ ይደርሰዋል። የሚገባበትን ኮሌጅ በአብዛኛው እስከ ሜይ 1 ቆርጦ ያሳውቃል። የኤፒ ፈተና የሚጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በሜይ የመጀመሪያ ሳምንት ነው፤ ውጤቱም በጁላይ ይወጣል። ስለዚህ የ12ኛ ክፍሉ ፈተና ለመግቢያ ሲሆን ዳኛው ከፈረደ በኋላ ችሎት እንደደረሰ ምስክር ነው። የኮሌጁ ማመልከቻ መርማሪዎች ሊያዩ የሚችሉት ተማሪው ከዚያ በፊት፣ በተለይ በ11ኛ ክፍል የተፈተነውን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን በማመልከቻው ላይ የሚሞላው ተማሪው ራሱ ነው፤ አብዛኞቹ ኮሌጆችም የትኛውን ጽፎ የትኛውን እንደሚተው ለእሱ ይተዉለታል።

በመርማሪዎቹ እጅ ያለው ትራንስክሪፕቱ ነው፤ በትራንስክሪፕቱ ላይ የሚነበበው ደግሞ ክፍሉ እንጂ ፈተናው አይደለም። ተማሪው ከባዱን ትምህርት መረጠ ወይስ ሸሸ? ሲማርስ ምን ማርክ አገኘ? የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ጂፒኤ ሲያሰሉ በ10ኛና በ11ኛ ክፍል ለተወሰደ የኤፒ ትምህርት፣ ማርኩ ሲ ወይም ከዚያ በላይ እስከሆነ ድረስ፣ እስከተወሰነ ጣሪያ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥቡ የሚሰጠው ለክፍሉ ማርክ እንጂ ለሜይ ፈተና አይደለም። በ2018 በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ስምንት ስመ ጥር የግል ትምህርት ቤቶች የኤፒ ትምህርትን እስከ 2022 እንደሚያስቀሩ በጋራ አስታወቁ። የተማሪዎቻቸውን የመግቢያ ዕድል በቀላሉ አሳልፈው የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አልነበሩም። ማመልከቻ የሚያነቡ ሰዎች ተማሪውን የሚመዝኑት ትምህርት ቤቱ ባቀረበለት ልክ ነው፤ ሦስት የኤፒ ትምህርት ብቻ ካለበት ትምህርት ቤት የመጣውን፣ ሃያ ካለበት ከመጣው ጋር በቁጥር አያወዳድሩትም። እናም ልጃቸውን ስምንት ኤፒ አሸክመው ማርኩ ሲያሽቆለቁል ቆመው የሚያዩ ወላጆች የሚጠፋውን ለማትረፍ የሚቆየውን እያጠፉ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ የዬል ዩኒቨርሲቲን ሊጠቅስብኝ ይችላል፤ ልክ ነው። ዬል በ2024 ባወጣው ደንብ አመልካቾች ከኤስኤቲና ከኤሲቲ የመግቢያ ፈተናዎች ይልቅ የኤፒ ውጤት ማቅረብ እንዲችሉ ፈቅዷል። በማይታወቅ ትምህርት ቤት ተምሮ በካልኩለስ ቢሲ 5 ያመጣ ልጅም፣ የክፍል ማርኩ በችሮታ የተሰጠ አለመሆኑን ለሚጠራጠር መርማሪ ያስረዳበታል። ይህን አልክድም። ግን 5ቱ የሚያጸናው ትራንስክሪፕቱ አስቀድሞ የተናገረውን ነው፤ ትራንስክሪፕቱ ዝም ካለ ብቻውን አይናገርለትም። ነገሩ ከነአካቴው የሚገለበጠው ወደ ብሪታንያ ለሚያመለክት ተማሪ ነው። ኦክስፎርድን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ቦታውን የሚሰጡት ይህን ያህል ኤፒ በዚህ ውጤት ካመጣህ ብለው ነውና፣ የጁላዩ ቁጥር እዚያ በሩን ሊዘጋ ይችላል።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያሉ የሐበሻ ወላጆች ኤፒን እንደ ማትሪክ ቢያዩት አይፈረድባቸውም። የመጡበት አገር አንዱን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከሁሉ በላይ ያስቀምጣል፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ተማሪውን የሚመድበው በዚያው ነው። ችግሩ ከዚህ አስተሳሰብ የሚወለደው ሁለተኛው ስህተት ነው፦ ኮሌጅ ከተገባ ፈተናው ምን ያደርጋል ብሎ መተው።

የሚጠቅመው በክሬዲት ነው፤ ኮሌጁ ውጤቱን እንደተወሰደ ኮርስ ይቆጥርለታል። በ2025 አንድ የኤፒ ፈተና በአሜሪካ 99 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ በኮሌጅ የአንድ ሴሚስተር ኮርስ ዋጋ የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። በፍሎሪዳ፣ በኦሃዮና በኢሊኖይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 3 ያገኘ ተማሪ ክሬዲት ያገኛል፤ በቴክሳስም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። በአንጻሩ ኤምአይቲ በካልኩለስ ከ5 በታች አይቀበልም። ዳርትማውዝ ከ2014 ጀምሮ ለገቡ ተማሪዎች በኤፒ ክሬዲት መስጠት አቁሟል፤ ብራውንም ለዲግሪ አይቆጥረውም። እንግዲህ አስተውሉ፦ በሩ በጣም ጠባብ በሆነባቸው ኮሌጆች ውጤቱ የሚያስገኘው ክሬዲት ያንሳል፣ በሩ ሰፋ ባለባቸው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይበዛል። ከፈተናው ይበልጥ የሚጠቀመው ስለ አይቪ ሊግ አልሞ የማያውቀው ልጅ ነው። ሆኖም ተቀባይነት አግኝቻለሁ ብሎ ሜይ ላይ ደብተሩን የሚዘጋውም ብዙ ጊዜ እሱው ነው፤ አንድ ሴሚስተር ቀድሞ ሊመረቅ የሚችልበትን መንገድ በ99 ዶላር ስስትና በድካም ይተወዋል። ክሬዲት በማይሰጡ ኮሌጆችም ቢሆን፣ ውጤቱ መግቢያውን ኮርስ አልፎ ወደሚቀጥለው ለመግባት ሊያገለግል ይችላል።

ልጃቸውን ሐኪም ለማድረግ ለሚያስቡ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከሕክምና ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ ለቅድመ ሁኔታ ኮርሶች የኤፒ ክሬዲትን አይቀበሉም ወይም በዚያው ዘርፍ ከፍ ያለ ኮርስ በኮሌጅ መወሰድ አለበት ይላሉ፤ ባዮሎጂና ኬሚስትሪን ከመዝለል በፊት የሚፈለጉትን ትምህርት ቤቶች ደንብ ማንበብ ይገባል። ውጤቱን ለአንድ ኮሌጅ በነጻ ለማስላክ ደግሞ እስከ ጁን 20 ድረስ ኮሌጁን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ቀኑ ካለፈ ክፍያ አለው።