ብሊዛርድ ማለት ምን ማለት ነው?

ገበሬ የዝናብን ስም አያምታታም። ካፊያውን ካፊያ፣ ዶፉን ዶፍ ይላል። በካፊያ ወደ እርሻው ይወጣል፤ ዶፍ ሲመጣ ግን ከብቱን ሰብስቦ ይጠለላል። ሁለቱም ውሃ ናቸው። ስማቸው መለየቱ ግን ምን ማድረግ እንደሚገባን ይነግረናል።

ብርድ በበዛባቸው አገሮችም እንዲሁ ነው። እዚያ በረዶ ብዙ ዓይነት ስለሆነ ስሙም ብዙ ነው። ከእነዚህ ስሞች አንዱ ብሊዛርድ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ዛሬ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚባለው ግዛትና በካናዳ ብዙ ያገራችን ልጆች ይኖራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ስልክ ደውሎ «ዛሬ ብሊዛርድ ነው፣ ከቤት አልወጣንም» ቢለን፣ «በረዶ ፈርቶ ቤት ይዋላል እንዴ?» እንል ይሆናል። እንዲህ የምንለው የቃሉን ትርጉም ባለማወቃችን ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን በረዶዎች እንለይ። እኛ በብዛት የምናውቀው በረዶ ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደውን ነው። ይህ እንደ ጠጠር የደደረ ነው። የዝናብ ጠብታ በደመና ውስጥ በኃይለኛ ነፋስ ወደ ላይ እየተገፋ፣ ውሃ በላዩ ላይ እየረጋ ሲወፍር ይፈጠራል። ሰብል ያረግፋል፤ ግን ብዙ ሳይቆይ ያባራል።

ሁለተኛው በቆዩ መጻሕፍት አመዳይ የሚባለው ነው። ይህ ድምፅ የለውም። በደመና ውስጥ ያለው እንፋሎት በብርዱ ረግቶ፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ እየቀለለ ይወርዳል። በአገራችን በራስ ዳሽን አናት ላይ አልፎ አልፎ ይታያል። በብርድ አገር ግን መሬቱን አልብሶ ሳምንታት ይቆያል። ነፋስ ከሌለ ሰው በላዩ እየሄደ ሥራውን ይሠራል፤ ልጆችም ይጫወቱበታል።

ታዲያ ብሊዛርድ የትኛው ነው? ብሊዛርድ አመዳይና ኃይለኛ ነፋስ ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። የአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሦስት መለኪያዎች አሉት። አንደኛ፣ ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ይህ ትልልቅ ዛፎችን የሚያወዛውዝ፣ ፊት ለፊት መራመድ የሚያስቸግር ነፋስ ነው። ሁለተኛ፣ ዓይን ከ400 ሜትር በላይ ማየት የማይችል መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ይህ ሁኔታ ቢያንስ ለ3 ሰዓት መቆየት አለበት። በካናዳ ደግሞ ነፋሱ 40 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜውም ቢያንስ 4 ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከመለኪያዎቹ ውስጥ «ይህን ያህል በረዶ ይውረድ» የሚል የለም። ከሰማይ ምንም ሳይወርድ፣ ነፋሱ ቀድሞ የወረደውን ከመሬት አንሥቶ ቢያቦነውም ብሊዛርድ ይባላል። እንግዲህ የሚገድለው የበረዶው ብዛት ብቻ አይደለም። ነፋሱ የሰውነትን ሙቀት ይገፍፋል፤ ቆፈን እጅና እግርን ያደነዝዛል። ሰማዩና መሬቱ አንድ ዓይነት ነጭ ስለሚሆኑ ሰው አቅጣጫውን ያጣል። በዚህ ምክንያት በድሮ ጊዜ የዚያ አገር ገበሬዎች ከቤት እስከ በረት ገመድ ይወጥሩ ነበር። ከብቱን ሊያበላ የወጣ ሰው ገመዱን ይዞ ካልሆነ፣ በገዛ ግቢው ጠፍቶ ሊቀር ይችላል።

ይህ ተረት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 12 ቀን 1888፣ በእኛ በጥር መጀመሪያ፣ በመካከለኛው አሜሪካ ሜዳ ላይ ይህ አደጋ ደረሰ። በብዙ ቦታ ጠዋቱ ለወራቱ ሞቅ ያለ ነበር። ሰዎች ወፍራም ልብስ ሳይደርቡ ወደ ሥራ ወጡ፤ ልጆችም ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። ከዚያ ብሊዛርዱ በድንገት ደረሰ። 235 ያህል ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ የቀሩ ልጆች ነበሩ። ብሊዛርዱ እስከ ዛሬ በተማሪ ልጆች ስም ይጠራል። በ1972 ደግሞ በኢራን የደረሰው ብሊዛርድ 4,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል።

የቃሉ ታሪክም የሚያስደንቅ ነው። አሜሪካኖች ቀድሞ ብሊዛርድ ይሉ የነበረው ኃይለኛ ምትን ወይም የጥይት ተኩስን ነበር። በ1870 አይዋ በሚባለው ግዛት የሚታተም አንድ ጋዜጣ ቃሉን ለበረዶና ለነፋስ አዋለው። ከ1880ዎቹ ወዲህ በሰፊው ተለመደ። እኛ ስለ ጦርነት ስናወራ «ጥይት እንደ በረዶ ወረደ» እንላለን። እነሱ በተቃራኒው የተኩስን ስም ለበረዶ ሰጡት።

ዛሬ በዚያ አገር ሰዎች ትንሽ ጠንከር ያለውን በረዶ ሁሉ ብሊዛርድ ሲሉት ይሰማል። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ግን ቃሉን የሚጠቀምበት መለኪያው ሲሟላ ብቻ ነው። ለትንሹም ለትልቁም ቢለው ኖሮ የሚሰማው አያገኝም ነበር። ቃሉ በሬዲዮ ሲነገር «ጉዞ ይቅር፣ ቤት ይዋል» ማለት ነው። መኪና ውስጥ ሳለ የተያዘ ሰውም መኪናውን ትቶ በእግሩ እንዳይሄድ ይመከራል። መኪናው ከነፋስ ይከልለዋል፤ የሚፈልጉትም ሰዎች ቶሎ ያዩታል። ሞተሩን ለሙቀት ከማስነሣቱ በፊት ግን የጭስ መውጫው በበረዶ እንዳልተደፈነ ማየት አለበት። ከተደፈነ መርዘኛው ጭስ ወደ ውስጥ ገብቶ ይገድለዋል።

በአማርኛ ብሊዛርድን «የበረዶ አውሎ ነፋስ» ብንለው ትርጉሙን ያሳያል። «ከባድ በረዶ» ብቻ ካልን ግን ነፋሱን እንረሳዋለን። ነፋሱን መርሳት ደግሞ ዋናውን አደጋ መርሳት ነው።

እንግዲህ ከዚያ አገር የሚደውል ዘመድ «ብሊዛርድ መጣ» ሲለን፣ «አይዞህ፣ እስኪያልፍ ከቤት አትውጣ» እንበለው።