ቮላኖ ማቅለል
ቮላኖ ማቅለል የሞተርን ቮላኖ በቶርኖ ማሽን በመላግ ክብደቱን መቀነስ ነው። ቮላኖ በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ የሚታሰር ከባድ ክብ ብረት ሲሆን፣ ፒስተኑ ኃይል በሚሰጥበት ምት ጉልበት አጠራቅሞ በሌሎቹ ምቶች ይመልሳል። በዚህም ሞተሩ ሳይንገጫገጭ ይዞራል።

አሠራር
ቮላኖው የሚይዘው ጉልበት ብረቱ ከመሃል ባለው ርቀት ስኩዌር ያድጋል። ከመሃል 6 ሳ.ሜ. ላይ የተነሣ 100 ግራም፣ 3 ሳ.ሜ. ላይ ከተነሣው 4 እጥፍ ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ የሚላገው ከዳሩ ነው። የፍሪሲዮን መቀመጫው፣ የብሎን ቀዳዳዎቹና ጥርሱ አይነኩም። በሞተር ሳይክልና በባጃጅ ቮላኖ ውስጥ ማግኔት ስላለ፣ እርሱም ሆነ የእሳት ጊዜን የሚያመለክተው ጉብታ መጠበቅ አለባቸው። ከተላገ በኋላ ሚዛኑ ይስተካከላል።

ጥቅምና ጉዳት
የቀለለ ቮላኖ ሞተሩ ቶሎ እንዲፈጥን ያደርጋል እንጂ ኃይል አይጨምርም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ሞተር የሚደክመው በዋናነት ከዳገቱና ከአየሩ መሳሳት የተነሣ ነው፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 3/4 ያህል ነው። ለዚህ የሚበጀው የካርቡሬተሩን የነዳጅና የአየር ቅይጥ ማስተካከል ነው። ቮላኖው ከቀለለ ግን ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሲነሣ ሞተሩ በቀላሉ ይጠፋል።

ከልክ በላይ የሳሳ ቮላኖ በከፍተኛ ዙር ሊሰነጠቅና ሊፈነዳ ይችላል። ስብርባሪው ሽፋኑን በስቶ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ስንጥቅ የታየበት ቮላኖ አይላግም፤ ይቀየራል።