ሥራና ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር

ፍራንክ ሎይድ ራይት የተባለው አሜሪካዊ አርክቴክት በ1956 ለቺካጎ ከተማ 528 ፎቅ ያለውና 1,600 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሕንጻ ነድፎ አሳየ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕንጻው 100,000 ሰው እንዲይዝ የታሰበ ነበር፤ በወረቀት ላይ ቀረ። ሐሳቡ ግን ተከታይ አላጣም። ጣሊያን ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ፓኦሎ ሶሌሪ በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ ከተማ ኑሮ በሙሉ በአንድ ግዙፍ ግንባታ ውስጥ ሊጠቃለል እንደሚችል ተከራከረ፤ በማግስቱ ዓመትም በአሪዞና በረሃ አርኮሳንቲ የተባለች ማሳያ መሥራት ጀመረ። ለ5,000 ሰው የታቀደችው አርኮሳንቲ የዚያን አንድ አሥረኛ ቋሚ ነዋሪ እንኳ አላገኘችም። በ2013 ደግሞ ብሮድ የተባለው የቻይና ኩባንያ በቻንግሻ ከተማ 838 ሜትር ቁመትና 202 ፎቅ ለሚኖረው፣ 30,000 ሰው ለሚያድርበት ሕንጻ መሠረት ጣለ፤ ሥራው በቀናት ውስጥ ቆመ።

ሐሳቡ ደጋግሞ የሚመለሰው የሚሰጠው ተስፋ ትልቅ ስለሆነ ነው። ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ገበያ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢሰበሰቡ መሬት ይቆጠባል፤ ሠራተኛውም ጠዋትና ማታ መንገድ ላይ የሚያባክነው ሰዓት ይመለስለታል። እነዚህ ሁለት ተስፋዎች አንድ ላይ ስለሚነገሩ አንዱ ሲረጋገጥ ሌላውም የተረጋገጠ ይመስላል። ለየብቻ ማየት ይሻላል።

ከመጀመሪያው ተስፋ፣ ከመሬት ቁጠባና ከመጨናነቅ እንጀምር። የሕዝብ ጥግግት ማለት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ ስንት ሰው ይኖራል የሚለው ስሌት ነው። መጨናነቅ ግን አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ ስንት ካሬ ሜትር ወለል ይደርሰዋል የሚለው ነው። ሁለቱ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ። ሆንግ ኮንግ በዓለም ላይ ረጃጅም ሕንጻዎች ከበዙባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ሆኖም በ2021 የሕዝብ ቆጠራ መካከለኛው ነዋሪ የሚደርሰው የቤት ወለል 16 ካሬ ሜትር ገደማ ነበር። እዚያ የወለሉን ዋጋ የሚወስነው የመሬት አቅርቦትና የግዢ አቅም እንጂ የፎቅ ብዛት ብቻ አይደለም። በሌላ በኩል የፓሪስ ማዕከል በአብዛኛው ከስድስትና ከሰባት ፎቅ በማይበልጡ ሕንጻዎች በካሬ ኪሎ ሜትር 20,000 ያህል ሰው ያኖራል። በመንገድ ዳር ተያይዘው የተሠሩና መሐላቸው ግቢ ያላቸው መካከለኛ ሕንጻዎች፣ በሰፊ ባዶ መሬት መካከል ከቆመ ማማ ያላነሰ ወለል ከአንድ ቦታ ሊያስገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ የጥግግት አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው መንገድ አይደለም።

ከፍታው ራሱ ይቻላል ወይ ለሚለው መልሱ ከሞላ ጎደል አዎን ነው። ሕንጻ ከፍ ባለ ቁጥር ዋናው ጠላቱ የራሱ ክብደት ሳይሆን ነፋስ ይሆናል። ነፋሱ የሚያርፍበት ግድግዳ በቁመቱ ልክ ይጨምራል፤ ሕንጻውን ከሥሩ ለመገልበጥ የሚገፋው ኃይል ግን ከቁመቱ ፈጥኖ ያድጋል። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ነፋሱ ባይበረታ እንኳ ግልበጣው አራት እጥፍ ይሆናል። የባንግላዴሽ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ ፋዝሉር ካን ይህን ጭነት ከመሐል ምሰሶዎች ወደ ውጭው ግድግዳ አወጣው። በ1969 የተጠናቀቀው የቺካጎው ጆን ሃንኮክ ሕንጻ ፊት ላይ የሚታዩት ትላልቅ የኤክስ ቅርጽ ብረቶች ለዚሁ ሥራ የተተከሉ ናቸው። መቶ ፎቅ ያለው ይህ ሕንጻ ሱቅ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ቢሮና 700 ያህል አፓርትመንቶችን አንዱን በሌላው ላይ ደርድሮ ይዟል፤ 44ኛው ፎቅ ላይ ለነዋሪዎች የመዋኛ ገንዳና የምግብ መደብር ተሠርቶላቸዋል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሏል፤ ስለዚህ ቅይጥ ሕንጻ ሊሠራ እንደሚችል ማስረጃ ነው። ያም ሆኖ የቆመው በከተማው ማዕከል፣ በአውቶቡስና በባቡር መረብ መካከል መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

እንግዲህ ዋናው ማነቆ የት ነው? አሳንሰር (ሊፍት) ላይ ነው። አሳንሰር የቆመው ከተማ መንገድ ነው፤ እንደ መንገድ ሁሉ ቦታ ይወስዳል፣ ይጨናነቃልም። በቢሮ ሕንጻዎች የሚሠራበት የተለመደ መለኪያ፣ በጠዋቱ የመግቢያ ሰዓት ከሠራተኛው 12 በመቶ ያህሉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መነሣት አለበት የሚል ነው። 5,000 ሠራተኛ ያለው ሕንጻ እናስብ፤ በአምስት ደቂቃ 600 ሰው መነሣት አለበት። አንድ አሳንሰር 15 ሰው ጭኖ ደርሶ ለመመለስ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅበት በአምስት ደቂቃ 25 ሰው ያነሣል፤ ስለዚህ 24 አሳንሰሮች ያስፈልጋሉ። ሕንጻው ረዝሞ ደርሶ መልሱ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ግን አንዱ አሳንሰር የሚያነሣው 15 ሰው ብቻ ነው። የሠራተኛው ቁጥር ሳይጨምር የአሳንሰሩ ቁጥር 40 ይደርሳል።

እያንዳንዱ አሳንሰር ደግሞ ከምድር እስከ መድረሻው ያለውን ፎቅ ሁሉ ሰንጥቆ የሚያልፍ ጉድጓድ ይፈልጋል። ሰው ወደ ላይ በበዛ ቁጥር የሚበላው የታችኛው ፎቅ ወለል ነው። ለዚህ የተገኘው ብልሃት መሸጋገሪያ ፎቅ ይባላል። በኒው ዮርክ የነበሩት ባለ 110 ፎቅ የዓለም ንግድ ማዕከል ማማዎች በ44ኛውና በ78ኛው ፎቅ ላይ ይህን መሸጋገሪያ ይዘው ነበር። ትላልቅ ፈጣን አሳንሰሮች ሰዉን እስከዚያ ያደርሳሉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን የአካባቢው አሳንሰር ይረከባል። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት አሳንሰሮች አንዱ ከሌላው በላይ ሊሠሩ ስለቻሉ፣ ሊከራይ የሚችለው ወለል በዘመኑ ከተለመደው 62 በመቶ ወደ 75 በመቶ ከፍ አለ። ይህ ትልቅ ድል ነበር። ዋጋው ግን ሽግግር ነው። ከ120ኛው ፎቅ ቤቱ ተነሥቶ 40ኛው ፎቅ ላይ ወዳለ ቢሮው የሚወርድ ሰው ሁለት ጊዜ ሊቀይርና ሦስት ጊዜ ሊሰለፍ ይችላል። ምልልሱ አልጠፋም፤ አቅጣጫው ተለወጠ እንጂ።

የኃይል ፍጆታውም ከቁመቱ ጋር ይጨምራል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የእንግሊዝ ሕንጻዎችን አነጻጽረው፣ 20 ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ ቢሮዎች በካሬ ሜትር የሚፈጁት ኤሌክትሪክ ስድስት ፎቅና ከዚያ በታች ከሆኑት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝተውታል። ሌላው ጣጣ የጋራ ቧንቧና የጋራ አየር ነው። በ2003 ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ በሆንግ ኮንጉ አሞይ ጋርደንስ መኖሪያ ከ300 በላይ ሰው ያዘ፤ መርማሪዎች ለመዛመቱ አንዱ ምክንያት የደረቁ የወለል ፍሳሽ ማስወገጃዎች እንደሆኑ ደምድመዋል። ሰው በአንድ ሥርዓት ላይ በተሰበሰበ መጠን የአንዲት ትንሽ ብልሽት መዘዝ ይሰፋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተስፋ፣ ወደ ሥራ ምልልስ እንለፍ። የሰው ጉዞ በሁለት ይከፈላል። ዳቦ ለመግዛት፣ ጸጉር ለመቆረጥ ወይም የራስ ምታት መድኃኒት ለመውሰድ በሚደረግ ጉዞ ቅርብ ያለው ሩቅ ያለውን ይተካዋል። ደጃፍ ላይ ዳቦ ቤት ካለ ማንም ለዚያው ዳቦ አሥር ኪሎ ሜትር አይጓዝም። ቅይጥ ሕንጻ እንዲህ ያለውን ጉዞ በእርግጥ ያሳጥራል። ሥራ ግን አይተካም። የሒሳብ ባለሙያ ምድር ቤት ያለው ካፌ አስተናጋጅ ስለፈለገ ብቻ እዚያ አይቀጠርም።

አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ሚስት በሕንጻው ክሊኒክ ነርስ ናት፤ ባል የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ ነው። ለእሷ ሕንጻው ሥራን ከቤት አገናኝቷል፤ ለእሱ ፋብሪካው ውጭ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ሆስፒታል የተሻለ ደመወዝ ቢሰጣት እሷም መውጣት ትጀምራለች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰው ልጃቸው ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ይሄዳል። ሥራ መቀየር ቀላል ነው፣ ቤት መቀየር ግን ከባድ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የተገጣጠመው ቤትና ሥራ በዓመታት ውስጥ እየተፋታ ይሄዳል። የትልቅ ከተማ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው፦ ሠራተኛ ከብዙ ቀጣሪ፣ ቀጣሪም ከብዙ ሠራተኛ ይመርጣል። ምርጫውን ወደ አንድ ሕንጻ ማጥበብ ከተማውን ከተማ ያደረገውን ነገር መቀነስ ነው።

ሥራንና ቤትን የማገናኘቱ ሐሳብ በተግባር ተሞክሮ ታይቷል፤ በሕንጻ ባይሆንም በሰፈር። ስዊድናውያን በ1954 በስቶክሆልም ዳርቻ ቬሊንግቢ የተባለች አዲስ ሰፈር ሲመርቁ ዕቅዳቸው ሥራ፣ ቤትና የገበያ ማዕከል በአንድ ቦታ እንዲገኙ፣ ከነዋሪው ሠራተኛም ግማሽ ያህሉ እዚያው እንዲሠራ ነበር። ሰፈሯ በደንብ ተሠራች፤ ሱቆቿም ሰው አላጡም። አብዛኛው ሠራተኛ ግን በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ሌላው የከተማው ክፍል ይወጣ ነበር፤ በሰፈሯ ካሉት ሥራዎችም ብዙዎቹን የያዙት ከውጭ የሚመጡ ሰዎች ሆኑ። ባቡሩ ባይኖር ኖሮ ቬሊንግቢ ትታፈን ነበር።

ተቃራኒው ምሳሌ በአላስካ የምትገኘው ዊቲየር ናት። የከተማዋ ሦስት መቶ የማይሞላው ሕዝብ አብዛኛው ቤጊች በተባለ አንድ ባለ 14 ፎቅ ሕንጻ ውስጥ ይኖራል፤ ሱቁ፣ ፖስታ ቤቱና ክሊኒኩ እዚያው ነው፤ ልጆችም በምድር ውስጥ መተላለፊያ ወደ ትምህርት ቤት ይሻገራሉ። ሆኖም ይህን ያስቻለው የሕንጻው ንድፍ ሳይሆን የቦታው መነጠል ነው። ከተማዋን በመኪና ከቀረው ዓለም የሚያገናኛት በተራራ ሥር የተቦረቦረ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ብቻ ነው። የሚመረጥ ሥራ በሌለበት የሚመላለስ ሰው አይኖርም።

ሳውዲ አረቢያ በ2022 ዝርዝር ንድፉን ያወጣችለት ዘ ላይን ደግሞ ችግሩን በጂኦሜትሪ ያሳያል። ዕቅዱ 170 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 500 ሜትር ቁመትና 200 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ቀጥ ያለ ግንባታ ሆኖ 9 ሚሊዮን ሰው በ34 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ እንዲይዝ ነበር። ጥግግቱ በካሬ ኪሎ ሜትር 265,000 ገደማ ይሆናል፤ የፓሪስ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። በቀጥታ መስመር ላይ በዕጣ የተመረጡ ሁለት ሰዎች በአማካይ የሚራራቁት የመስመሩን አንድ ሦስተኛ ነው፤ በዚህ ስሌት 57 ኪሎ ሜትር። ያው 34 ካሬ ኪሎ ሜትር በክብ ቅርጽ ቢሠራ ግን አማካዩ ርቀት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በሆነ ነበር። ከጫፍ ጫፍ በ20 ደቂቃ መድረስ የሚለው ቃል ኪዳን በሰዓት 510 ኪሎ ሜትር ያለ ማቆም መብረርን ይጠይቃል። ሰው በእግሩ ጣቢያ እንዲደርስ ግን ጣቢያዎች መብዛት አለባቸው፤ ባቡሩም በየጣቢያው ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ እየቆመና እንደገና እየተነሣ ይሄዳል። ራፋኤል ፕሪየቶ ኩሪየልና ዳኒኤል ኮንዶር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት 86 ጣቢያዎች እንደሚያስፈልጉና አማካዩ ጉዞ አንድ ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ አስልተዋል። ምልልስን ሊያጠፋ የተነሣው ቅርጽ ራሱ ምልልስን ይፈጥራል ማለት ነው።

በአዲስ አበባም የዚህ ነገር ሌላ ገጽታ ይታያል። በ1997 ዓ.ም. ግድም በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ብዙ ሺህ ቤተሰቦች ጀሞ፣ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱን በመሰሉ ዳርቻዎች ቤት አገኙ፤ ይህ በጠባብ የቀበሌ ቤት ተጨናንቆ ለኖረ ሰው ትልቅ ለውጥ ነው። ከሥር ባሉት የንግድ ቤቶች ሱቅ፣ ካፌና ፋርማሲ ተከፈቱ፤ የዕለት ሸመታው አጠረ። የብዙው ነዋሪ እንጀራ ግን መርካቶ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስና ቦሌ ቀረ፤ ማለዳ የታክሲ ሰልፉም ረዘመ። ሕንጻዎቹ በእጥፍ ቢረዝሙና ምድር ቤታቸው ሙሉ ገበያ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰልፍ የሚያጥርበት ምክንያት አይታየኝም፤ በአንድ ቦታ የሚነሣው ሰው በዝቶ እንዲያውም ሊረዝም ይችላል።

ማስረጃው ተዘርግቶ ሲታይ ፍርዱ ሁለት ክፍል አለው። ግዙፍ ሕንጻ ሰውን በትንሽ መሬት ላይ ሊያኖርና የዕለት ጉዳዮችን ሊያሳጥር ይችላል፤ ራሱን ችሎ ከከተማው የሚነጠል ሕንጻ ግን የሥራ ምልልስን አይፈታም። ሆንግ ኮንግ ላይ ረጅም ሕንጻ የሚያዋጣው ከባቡር ጋር ስለተያያዘ ነው። የባቡር ኩባንያው በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ ሕንጻ የማልማት መብት ያገኛል፤ ከልማቱ የሚገኘው ገቢ ሐዲዱን ለመዘርጋት ይውላል፤ ከሕንጻው የሚወርደው ሰው ባቡሩን ይሞላል። በከተማዋ ከሚደረገው ዕለታዊ ጉዞ 90 በመቶ ያህሉ በሕዝብ ማመላለሻ ነው። ማማዎቹ ራሳቸውን አልቻሉም፤ ነዋሪው በየጠዋቱ ከእነሱ ይወጣል፣ ባቡሩም ከተማውን በሙሉ የሥራ ገበያው ያደርግለታል። ስለዚህ ረጅም ሕንጻ ለመሥራት የሚያስብ ከተማ ከፎቆቹ ቁጥር በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ከደጃፉ በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ በቂ ሰው የሚያነሣ ባቡር ወይም የራሱ መስመር ያለው አውቶቡስ አለ ወይ፣ ለእሱስ ገንዘቡን ማን ይከፍላል የሚለውን ነው።