የውጅግራ ጥይት

በየካ በኩል ወደ እንጦጦ ጎህ ሳይቀድ የወጣ ሰው ከባሕር ዛፉ ሥር ቆቅ ሲጮህ ይሰማል። የውጅግራ ጠመንጃን ስም ከቆቅ ዘመድ ከጅግራ ጋር የሚያያይዝ አይጠፋም፤ ጠመንጃው ግን ከወፏ ጋር ምንም አያገናኘውም። ባዚል ግራ በተባለ ፈረንሳዊ መኮንን የተሠራው «ፊዚ ግራ» በእኛ አፍ ውጅግራ ሆኖ ቀረ።

ጥይቱ እጅ ላይ ይከብዳል። ቀለሁ ናስ ነው፤ 59 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ወደ አፉ እንደ ጠርሙስ አንገት ይቀጥናል። ግርጌው ላይ ያለው ጠርዝ ከተተኮሰ በኋላ ተስቦ እንዲወጣ መያዣ ነው። አፉ ላይ የተሰካው የእርሳስ አረር 11 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ 25 ግራም ይመዝናል፤ እርሳሱ አፈሙዙን እንዳይለቀልቅ ስስ ወረቀት ተጠቅልሎበታል። ከሥሩ ከ5 ግራም የሚበልጥ ጥቁር ባሩድ አለ። ቃታው ሲሳብ አረሩ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይወነጨፋል፤ ተኳሹ ግን በነጭ ጭስ ይጋረዳል። ጠመንጃው አንድ ብቻ ስለሚጎርስ የሳተ አዳኝ ጭሱ እስኪገፈፍ ቆሞ ሌላ ማጉረስ አለበት።

ለድኩላ ይህ ልክ ነው፤ ለቆቅ ግን እጅግ ይበዛል። ይህን ያህል እርሳስ የመታው ወፍ ለወጥ የሚሆን ሥጋ አይተርፈውም። እኔ ግን ከዚህ በላይ ዋጋው የሚያሳስብ ይመስለኛል። ጥይቱ በምኒልክ ዘመን ገበያ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ ለማርያ ቴሬዛ ብር መመንዘሪያ ነበር። የገበያ ገንዘቡን ለአንዲት ቆቅ የሚያቃጥል ማን ነው? ለቆቅ ወጥመድ ይበቃል።

ፈረንሳይ ጠመንጃውን በ1874 እ.ኤ.አ. ለሠራዊቷ መረጠች፤ በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባውን ለበን የተባለ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው ለሽያጭ ተረፈ። ጊዜው ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከትመው መሣሪያ አጥብቀው የሚሹበት ነበር። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ ውጅግራ ዐድዋ ላይ በብዙ ተዋጊ ትከሻ ነበር።

ጥይቱ ተተኩሶም ዋጋው አያልቅም። ናሱ ካልተሰነጠቀ ሌላ መለኮሻ፣ ባሩድና አረር ተደርጎለት እንደገና ይጎረሳል፤ ስለዚህ ከድኩላው ቀድሞ ከሣሩ ውስጥ የሚፈለገው ባዶው ቀለህ ነው።