የቤትን ውኃ ቈጥሮ ስለ መያዝ

ውኃ ከእህል የሚቀድም መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ጤፉንና ማሩን አስቈጥሮ የሚያስገባ ባለቤት ውኃውን ሲያስቈጥር የሚታየው ጥቂት ጊዜ ነው። ምክንያቱም ማሩን በገንዘቡ ይገዛዋል፤ ውኃውን ግን ሌላ ሰው በጀርባው ተሸክሞ ያመጣለታል።

በሰሜን ወሎ፥ በመቄት ወረዳ ያለችው ፍላቂት ከወልድያ ወደ ወረታ በሚያልፈው መንገድ ላይ በደጋው ተቀምጣለች። በዚህ በላስታ ደጋ ዋናው ዝናም በሰኔ መጨረሻ ገብቶ በመስከረም ይወጣል፤ የበልጉ ዝናም ግን የሚታመን አይደለም። በ1965 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ላይ የወረደውን ድርቅ ማንም አይዘነጋውም። በክረምት ከየጣራው የወረደው ውኃ በየገደሉ አልፎ ወደ ተከዜ ይሄዳል፤ በበጋ ምንጩ ሲቀጥን ግን እናቶችና ልጃገረዶች እንስራና ጀሪካን ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የተባለው ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ፥ ለምግብና ለእጅ መታጠቢያ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ያህል እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ስድስት ሰው ላለበት ቤት ይህ 120 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ስድስት ጀሪካን ማለት ነው። እያንዳንዱም 20 ኪሎ ይመዝናል። እንግዲህ በከንቱ የፈሰሰ አንድ ጀሪካን አንዲት ልጅ ከትምህርቷ የቀረችበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሡት በቅዱስ ላሊበላ ስም የሚጠሩትን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው፥ ዐለቱን የጠረቡት አባቶች የዝናሙን መውረጃ አስቀድመው እንዳሰቡ ያስተውላል። ቦዩን ከዐለቱ ፈልፍለዋል፤ በቤተ ማርያምም ቅጥር ግቢ የውኃ ገንዳ ጠርበዋል። እኛም ቤት ስንሠራ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ ይገባናል።

በ1 ካሬ ሜትር የቈርቈሮ ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢዘንብ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው ሰው 10 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢዘንብለት 400 ሊትር ይወርድለታል፤ ጥቂቱ ቢባክን እንኳ የብዙ ጀሪካን ሸክም ያስቀራል። አሸንዳ አግጥሞ በበርሜል መቀበል፥ ጣራውን የሚያጥበውን የመጀመሪያውን ዝናም መድፋት፥ በርሜሉን መክደን፥ የሚጠጣውንም አፍልቶ ማብረድ ይገባል።

አትክልት የታጠበበት ውኃ ለጎመኑና ለጌሾው ሥር ይበቃል። ለእንግዳ እጅ የሚያስታጥብም አፈ ጠባብ በሆነ ማንቈርቈሪያ በቀስታ ያፍስስ። ቧንቧ ያለው ሰው ደግሞ ጠብታውን አይናቅ፤ በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ ጠብ የሚል ቧንቧ በአንድ ቀን ከ4 ሊትር በላይ ያፈሳል።

ይሁን እንጂ ቁጠባ ማለት ንጽሕናን መተው አይደለም። ፊታቸው ሳይታጠብ የሚውሉ ልጆች ዓይን በሚያጠፋው በትራኮማ ይያዛሉና፥ ከሌላው ሁሉ ተቀንሶም ቢሆን የልጆች ፊትና እጅ መታጠቢያ አይጕደል።

ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፥ ከነገ ጀምሮ በቤታችሁ በቀን ስንት እንስራ እንደሚገባ፥ ማንስ እንደሚሸከመው ጠይቁ። የተሸካሚውን ድካም ያወቀ ሰው ውኃን በከንቱ አያፈስም።