አውሮፕላኑ ሲወርድ ሕፃኑ ለምን ያለቅሳል?

ከነገሌ ቦረና ወደ አዲስ አበባ በመኪና የተጓዘ ሰው የቦሬን ዳገት ያውቀዋል። አዶላን አልፈው ሽቅብ ሲወጡ የቆላው ሙቀት ይቀርና ጉምና ብርድ ይቀበላል፤ ጆሮም ድፍን ይላል። ምራቅ ሲውጡ ጧ ብሎ ይከፈታል። ይህን ያስተዋለች የነገሌ እናት ልጇን አቅፋ ወደ ዋሽንግተን ብትበር፣ ሕፃኑን የሚያስለቅሰውን ነገር ገና ከቤቷ ሳትርቅ ቀምሳዋለች።

ከጆሮ ታምቡር ጀርባ አየር የያዘች ትንሽ ክፍተት አለች። ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኛት ዩስታሺያን የሚባል ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው፤ ስንውጥ ወይም ስናዛጋ ለአፍታ ይከፈትና የውስጡን አየር ከውጭው ጋር ያስተካክላል። የሕፃን ቱቦ አጭርና ጠባብ ነው፤ እንደ አዋቂው ያዘነበለ ሳይሆን ወደ አግድም የተጠጋ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ይደፈናል።

ወደ ላይ ሲወጣ ችግሩ ቀላል ነው፤ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ራሱ ገፍቶ ይወጣል። የሚያሠቃየው መውረዱ ነው። የውጭው አየር እየከበደ ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ የቱቦውንም አፍ ይዘጋዋል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ከፍታ አንድ የተለየ ነገር ያመጣል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ ሰማይ ላይ ሆኖ የመንገደኞቹን ክፍል አየር ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ በላይ እንዳይሳሳ አድርጎ ይይዘዋል። ማለትም ሕፃኑ ደመና ላይ ሆኖ የሚተነፍሰው አየር ከአዲስ አበባው የወፈረ ነው! ፈተናው ዋሽንግተን ሲደርስ ነው። የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የአየሩ ግፊት በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ በአንድ አራተኛ ያህል ይጨምራል። የቦሬ ቁልቁለት ከዚህ አንጻር ገር ነው፤ መኪናው ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ብዙ እናቶች ጡት የሚያጠቡት አውሮፕላኑ ሲነሣ ነው፤ ማረፊያው ሲቃረብ ልጁ ጠግቦ ይተኛል። የተኛ ልጅ ደግሞ እምብዛም አይውጥም። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፦ አብራሪው መውረድ መጀመሩን ሲናገር ልጁን ቀስቅሱት፣ ቀና አድርጋችሁ አጥቡት። መጥባት መዋጥ ነው፤ ልጁ በዋጠ ቁጥር ቱቦው የመከፈት ዕድል ያገኛል። ከፍ ላለው ልጅ ውኃ በኩባያ በትንሽ በትንሹ ይበቃል።

እንዲተኛ ብሎ የሳል ወይም የአለርጂ ሽሮፕ መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም። የሕፃኑን አተነፋፈስ ሊያዳክም ይችላል፤ አንዳንዱን ልጅ ደግሞ እንቅልፍ ነሥቶ ያቅበጠብጠዋል።

የአውሮፕላን አየር ከነገሌ በጋ የባሰ ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ መልሱ ያው ጡት ነው፣ ቶሎ ቶሎ።

ከደረሱ በኋላ ደግሞ የሰዓቱ ነገር አለ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ሲሆን ነገሌ ከማለዳው 1 ሰዓት ነው፤ ልጁ ነግቷል ብሎ ይነሣል። የሰውነትን ሰዓት የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። ሌሊት ሲነቃ መብራት አታብሩ፣ አታጫውቱት፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ አውጡት። በቀን አንድ ሰዓት ያህል እየተስተካከለ ስለሚሄድ ሳምንት ያህል ታገሡት።

ልጃችሁ ጉንፋን ከያዘው ወይም ጆሮውን እያመመው ከሆነ፣ ከጉዞው በፊት ሐኪም ይየው። በዚያ ሁኔታ ቱቦው ቀድሞውኑ አብጧል፤ ጡት ብቻውን ላይከፍተው ይችላል።