የራውተር ዙርና የእጅ አገፋፍ፦ ለአጥቢያ የእንጨት ሥራ ክፍሎች

ምእመናን ለአትሮንስ ይሁን ብለው ያበረከቱት የዋንዛ ጣውላ በአገፋፍ ጉድለት ብቻ ጠቁሮ ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል። በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ግርጌ ባሉ አጥቢያዎች ለወጣቶች የእንጨት ሥራ ክፍል ለማደራጀት ያሰቡ ሰበካ ጉባኤያት፣ ራውተር ስለሚባለው የጠርዝና የጌጥ ማውጫ ማሽን ከግዢው በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ።

የማሽኑ ዙር አንድ ቢሆንም የቢላው ጠርዝ ፍጥነት እንደ ስፋቱ ይለያያል። በደቂቃ 22,000 ጊዜ የሚዞር ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቢላ ጠርዙ በሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል፤ በዚያው ዙር ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ 58 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህ እንጨቱን ከማቃጠሉም በላይ ቢላው ተሰብሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ እስከ 25 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቢላ ከ18,000 እስከ 22,000፣ 50 ለደረሰው ከ12,000 እስከ 16,000 ዙር ይመረጣል፤ አምራቹ በቢላው ላይ የጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይቀድማል። ዙሩ የማይቀነስ ማሽን ለሰፋፊ ቢላ አይሆንምና ዋጋው ቢስብም ባይገዛ ይሻላል።

ይበልጥ የሚያሳስተው ግን የእጅ ፍጥነት ነው። ጀማሪ ሠራተኛ ቀስ ማለትን ጥንቃቄ አድርጎ ይቆጥረዋል። ባለ ሁለት ስለት ቢላ በ18,000 ዙር እየሠራ በደቂቃ 3 ሜትር ቢገፋ እያንዳንዱ ስለት 0.08 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆርጣል፤ 1 ሜትር ብቻ ቢገፋ ከ0.03 ያነሰ ይሆናል። ያን ጊዜ ስለቱ መቁረጡን ትቶ ይፈትጋል፤ ፍትጊያው ሙቀት ያመጣል፣ ሙቀቱም እንጨቱን ያጠቁራል፣ ስለቱንም ያደነዝዛል። በፍቅፋቂ ፈንታ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ከወጣ ምልክቱ ይህ ነው። በተለይ ማዕዘን ላይ ማሽኑን አቁሞ ማሰብ አይገባም። ሲቸኩሉ ደግሞ የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፣ ጠርዙም ይቦጨቃል።

ዋንዛ ለስለት የተመቸ እንጨት ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ግን ጠንካራ ነው፤ ጭረቱም ይጠላለፋል፣ ሳይደርቅ ከተሠራም ይጣመማል። ስለሆነም ጥልቀቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር እያሉ ማውጣት ያስፈልጋል።

ማሽኑ በእጅ ሲያዝ የውጭ ጠርዝ ከግራ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ በተቃራኒው ከተገፋ በራሱ ሮጦ ከእጅ ያመልጣል። መነጽርና የጆሮ መከላከያ ግዴታ ናቸው፤ ነጠላ አጣፍቶ ወደ ማሽኑ መቅረብ ግን፣ ከቅዳሴ መልስም ቢሆን፣ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። የተበረከተውን ጣውላ ከመንካት በፊትም ከዚያው እንጨት በተረፈ ቁራጭ ላይ ዙሩንና አገፋፉን መሞከር ይገባል።